መሣሪያው ለቦርደዴ ቤት ይሁን

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር ሙሉ ቃል




ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ሰው አዋሽን አልፎ ወደ ጭሮ ዳገት ከመድረሱ አስቀድሞ በቆላው ሜዳ ላይ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ ቦርደዴ ናት። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሠራች፥ ፀሐይዋ የበረታ፥ ከመንገዱ ራቅ ሲባል ደግሞ አርሶ አደሩና ከብት አርቢው ተጎራብቶ የሚኖርባት የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። ስለ ዘመናዊ የቤት ውስጥ መሣሪያዎች በሚደረግ ንግግር የቦርደዴ ስም መነሣቱ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ነገሩ እንግዳ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ይኸውም አንድ የቤት መሣሪያ አስተማማኝ፥ ደኅንነቱ የተጠበቀና በንግድም የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑ የሚለካው ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤተ ሙከራ ሳይሆን፥ መብራት በጠፋበት፥ ኔትዎርክ በተቋረጠበት፥ ባለቤቱም ገንዘብ ባጠረው ሰዓት፥ እንደ ቦርደዴ ባለ ሥፍራ በሚገኝ ቤት ውስጥ ነው።

የመሣሪያዎቹ ምንነት

«ብልህ» ወይም በተለመደው አነጋገር «ስማርት» የሚባለው የቤት መሣሪያ በመሠረቱ የታወቀ የቤት ዕቃ ነው። አምፖል፥ ቆጣሪ፥ የበር ቁልፍ፥ የውሃ ፓምፕ ወይም ካሜራ ሊሆን ይችላል። ከሌላው የሚለየው በውስጡ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር፥ ብዙ ጊዜም የሬዲዮ መገናኛ በመያዙ፥ ከሩቅ ሊታዘዝ፥ የሆነውን መዝግቦ ሊናገርና ሁኔታውን አይቶ በራሱ ሊወስን መቻሉ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ እንዲህ ያለው ዕቃ በአብዛኛው ለምቾት ሲባል ይሸጣል። ወደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የገባው ግን በሌላ በር ነው። አንደኛው በር ሕዝቡ «የካርድ ቆጣሪ» የሚለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። ሁለተኛው በር ጥቂት በጥቂት እየተከፈለበት የሚበራው የፀሐይ መብራት ነው።

የሁለተኛው አሠራር በአጭሩ ሊገለጥ ይገባል። አንድ ቤተሰብ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ፥ ባትሪ የያዘ ሣጥን፥ ጥቂት አምፖሎችና የስልክ ቻርጀር በዱቤ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ክፍያ ፈጽሞ የቀረውን በየቀኑ፥ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይከፍላል። በከፈለ ቁጥር ሣጥኑ ለተከፈለበት ጊዜ ያህል ይከፈታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱን ይቆልፋል። አሠራሩ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ኤም-ኮፓ የተባለው ኩባንያ በኬንያ የኤም-ፔሳን የሞባይል ገንዘብ መሠረት አድርጎ መሸጥ ሲጀምር ነው። የኬንያው መሣሪያ የመክፈቻውን ትእዛዝ በውስጡ በተገጠመ ሲም ካርድ ከኔትዎርክ ይቀበላል። ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ ለደንበኛው በስልክ መልእክት ቁጥር ልከው፥ እርሱ ቁጥሩን በሣጥኑ ላይ እንዲያስገባ ያደርጋሉ። በኢትዮጵያም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፥ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ለእንዲህ ያለው ክፍያ መንገዱ ሰፍቷል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያቅድ፥ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፥ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል ለማድረስ አስቦ ነበር። የታሰበው ዓመት ሲደርስ ሥራው ገና አልተፈጸመም ነበር። ታላቁ የኢትዮጵያ ኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ከተርባይኑ እስከ ትራንስፎርመሩ፥ ከትራንስፎርመሩ እስከ ምሰሶው፥ ከምሰሶውም እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መስመሩ እስኪደርስ የሚጠብቀው ቤት የሚበራው በሣጥኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ኩራዝ ጭስ አለው፤ ዓይን ያቃጥላል፥ ቤትም ያቃጥላል። ሆኖም ጋዝ እስካለው ድረስ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይበራል። ብልሁ መብራት ግን ፈቃድ ጠያቂ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ መክፈቻው ያልደረሰው ቤተሰብ ከተሞላ ባትሪ አጠገብ ተቀምጦ በጨለማ ያመሻል። ባለሙያው የሠራው መሣሪያ ከኩራዝ የተሻለ ነው ለመባል በመጀመሪያ ይህን ነውር ማስወገድ አለበት።

ስለ አስተማማኝነት

በቆላ አገር የመሣሪያ የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታስቦ ሲሆን፥ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት መሠረት በመግለጫው ላይ 8 ዓመት ያገለግላል የተባለ ባትሪ ዘወትር በ45 ዲግሪ ቢቀመጥ የሚያገለግለው 2 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በኃይል ማስተካከያው ውስጥ የሚገኙት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችም ለዚሁ ዓይነት ሕግ ተገዢዎች ናቸው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ይታገሣል፤ እርሱም ቢሆን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ እንዲውል የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ሣጥኑ ከጣሪያው ርቆ፥ በግድግዳው ዝቅተኛ ክፍል፥ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ እንዲተከል የሚያዝዝ መመሪያ ከብዙ ውድ ማሻሻያ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጠላት፥ መስመር በገባበት ቤት፥ ራሱ መብራቱ ነው። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፥ 50 ኸርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ባለ ሰፈር፥ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሚስቡ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ሰዓት ሲጣዱ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፖል ይህ ሲደርስበት ደብዘዝ ይላል እንጂ አይሳሳትም። ኮምፒዩተር ያለው መሣሪያ ግን በወረደ ቮልቴጅ ላይ በመሞትና በመኖር መካከል ሆኖ የተሳሳተ ሥራ ሊሠራ፥ በማስታወሻው ላይ በመጻፍ ላይ ሳለም መብራት ቢጠፋ የጻፈውን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ መብራት ቢመጣም መሣሪያው አይነሣም፤ ባለቤቱም «ተቃጠለ» ይላል፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ቮልቴጅ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት የሚያቆም ዑደት፥ ሶፍትዌሩ ሲደነዝዝ እንደገና የሚያስነሣ የጥበቃ ሰዓት፥ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለት የሶፍትዌር ቅጂ፥ የተጻፈው በትክክል መጻፉን የሚያረጋግጥ የማጣሪያ ቁጥር ያስፈልጉታል። መብራት ሲመለስም በአንድ መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተነሥተው መስመሩንና ኔትዎርኩን እንዳያጨናንቁ፥ እያንዳንዱ የተለያየ ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንዲነሣ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛው ጠላት የኔትዎርክ መቋረጥ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደ ተዘጋ መቆየቱ አይዘነጋም። የዚያ መቋረጥ ምክንያት የዚህ ንግግር ርእስ አይደለም፤ ለመሣሪያ ሠሪው ግን ያስተማረው ትምህርት ግልጽ ነው። በግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ ሲነካ ትእዛዙ ወደ ማማው፥ ከማማው ወደ ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒዩተር፥ ከዚያም ተመልሶ ሁለት ሜትር ርቆ ወደሚገኘው አምፖል የሚሄድ ከሆነ፥ ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚያሰኝ አሠራር ነው። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ሥራ በቤት ውስጥ መወሰን አለበት። ኔትዎርክ ሲኖር መረጃ ይለዋወጥ፥ ሶፍትዌሩን ያድስ፤ ሳይኖር ግን ሥራው አይቋረጥ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ማተር የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የተለያዩ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው መሣሪያዎች በቤት ውስጥ ባለው መገናኛ በቀጥታ እንዲግባቡ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ለፀሐይ መብራቱም ቢሆን ኔትዎርክ የማይጠይቅ መክፈቻ አለ። ኩባንያውና ሣጥኑ አንድ የምሥጢር ቁጥር በጋራ ይይዛሉ። ደንበኛው ሲከፍል የኩባንያው ኮምፒዩተር የምሥጢሩን ቁጥርና የክፍያውን ተራ አጣምሮ በማስላት ኮድ ያወጣል። ሣጥኑም ያንኑ ስሌት ራሱ ሠርቶ የገባው ኮድ ከርሱ ጋር ከተስማማ ይከፈታል። በመካከል ሬዲዮ አያስፈልግም። ኮዱ በስልክ መልእክት፥ በባለሱቅ አፍ ወይም በወረቀት ቢመጣ ለሣጥኑ ልዩነት የለውም። ኦፕን-ፔይጎ ቶክን የተባለው ለሁሉ ክፍት የሆነ አሠራር በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ ነው።

ይሁንና ኔትዎርክ የማይፈልግ መሣሪያም ከስሕተት ነፃ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ኤስ-ቲ-ኤስ የተባለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሥርዓት 20 አኃዝ ባለው ቁጥር ይሠራል። እያንዳንዱ ቁጥር መቼ እንደ ወጣ የሚያሳይ ምልክት በውስጡ አለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ ያለፉት ደቂቃዎች ብዛት ነው። ለዚህ የተመደበው ቦታ 24 ቢት በመሆኑ ከ16,777,216 ደቂቃ በላይ አይቆጥርም። ደቂቃው ተቈጥሮ የሚያልቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2024 ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት በልዩ ቁጥሮች ያልታደሰ ቆጣሪ አዲስ የተገዛ ኃይል አልቀበልም ይላል። ከ30 ዓመት በፊት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ የቢት ቁጥር በዓለም ዙሪያ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣሪዎችን አንድ በአንድ ማደስን አስከተለ። ሥራው የተሳካው ሥርዓቱ የቁልፍ መለወጫ በር ከመጀመሪያው ስለ ነበረው ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፥ ማንኛውም የቤት መሣሪያ ከሠሪው ሐሳብ በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችልና የመታደሻ በር ሳይኖረው ከፋብሪካ መውጣት እንደማይገባው ነው።

ስለ ደኅንነት

አስተማማኝነት መሣሪያውን ከአየርና ከመስመር ጉዳት ሲጠብቅ፥ ደኅንነት ደግሞ ከሰው ተንኮል ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በዓለም ላይ የተበተኑ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ማሠራጫ ሣጥኖችን በመቶ ሺሕ ብዛት ማረከ። ለዚህ ያበቃው ጥበብ ረቂቅ አልነበረም፤ ፋብሪካዎች ለሁሉም ዕቃቸው አንድ ዓይነት አድርገው የሰጡትን ስልሳ ያህል የተለመደ መጠሪያና የይለፍ ቃል እየሞከረ መግባት ብቻ ነበር። የተማረኩት መሣሪያዎች በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በአንድነት ዘምተው ብዙ የታወቁ አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው መሣሪያ መሆኑን እንጂ መሣሪያነቱ ለማን እንደ ሆነ አላወቁም።

ከዚህ በኋላ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ለቤት መሣሪያዎች ያወጣው ደረጃ የመጀመሪያ ትእዛዙ ለሁሉም ዕቃ አንድ የሆነ የይለፍ ቃል እንዳይኖር የሚከለክል ነው። ቀጥሎም ስሕተት ያገኘ ሰው የሚያስታውቅበት አድራሻ እንዲኖርና ሶፍትዌሩ እየታደሰ እንዲቆይ ያዛል። ብሪታንያ ከነዚህ ዋና ዋናዎቹን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ በሕግ አስገዳጅ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የሳይበር ጽናት ሕግ ዋና ግዴታዎቹ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 11 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲጸኑ ወስኗል። እነዚህ ሕጎች የሚያስከትሉት አደጋ ለሌላው ዓለም ግልጽ ነው፤ በዚያ መሸጥ የተከለከለ ዕቃ ዋጋው ረክሶ ጠያቂ ወደሌለበት ገበያ ይጎርፋል።

የፀሐይ መብራቱ ሣጥንም የራሱ የሆነ የደኅንነት ጥያቄ አለው። ኩባንያው ለሁሉም ሣጥኖች አንድ የምሥጢር ቁጥር ሰጥቶ ከሆነ፥ አንዱን ሣጥን ፈትቶ ምሥጢሩን ያወጣ ሰው ሁሉንም መክፈት ይችላል፤ ኩባንያውም በአንድ ወር ይከስራል። ለእያንዳንዱ የተለያየ ምሥጢር ከተሰጠ ግን የአንዱ መፈታት በአንዱ ይቀራል። የሶፍትዌር ማሻሻያም የሠሪው ፊርማ የሌለበት ከሆነ መሣሪያው ሊቀበለው አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን በሩቅ መቆለፍ የሚችል እጅ ምን ያህል ኃይል እንደ ያዘ መታወቅ አለበት። የአንድ ኩባንያ ኮምፒዩተር ቢሰረቅ ወይም አንድ ሠራተኛ ቢከዳ፥ በአንድ ሌሊት የብዙ ሺሕ ቤት መብራት ሊጠፋ ይችላል።

የመረጃውም ነገር ቀላል አይደለም። የቆጣሪ ንባብ በየሰዓቱ ከተመዘገበ ቤተሰቡ መቼ እንደሚተኛ፥ መቼ ቤቱን ዘግቶ እንደሚሄድ ይናገራል። የዱቤ መብራት መዝገብ ደግሞ ማን ገንዘብ እንዳጠረውና መቼ እንዳጠረው ያውቃል። በትንሽ ከተማ ሁሉም በሚተዋወቅበት ኑሮ ይህ መረጃ በሌላ እጅ ቢገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ባለሙያው ግን ሕጉ እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ፥ ለሥራው የማያስፈልገውን መረጃ ከመጀመሪያው ባለመሰብሰብ ሊጀምር ይገባዋል።

ስለ ንግዱ

በዚህ ጉባኤ የሚገኙ ነጋዴዎችና አስመጪዎች፥ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ ያስወድዳል ሊሉ ይችላሉ። መልሱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአብነት ያህል ብቻ፥ አንድ ድርጅት በአንድ መብራት 300 ብር ያተርፋል፥ ቴክኒሻን ከጭሮ ወደ ቆላው ወርዶ አንድ ብልሽት ለማየት ደግሞ 600 ብር ያስወጣል እንበል። ከ100 መብራት 5ቱ ቢበላሹ ከ30,000 ብር ትርፍ 3,000 ብር ይሄዳል፤ ድርጅቱም ይኖራል። 50 ቢበላሹ ግን ትርፉ በሙሉ በመንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሚጨመረው የጥቂት ብር ዕቃ ወጪ ሳይሆን ትርፍ ነው። በሙቀት የማይሞት ባትሪና በራሱ የሚነሣ ሶፍትዌር የድርጅቱ የሽያጭ ሠራተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ የገንዘብ ምንዛሪ ነው። ዕቃው የሚገዛው በዶላር፥ ደንበኛው የሚከፍለው በብር፥ ያውም በብዙ ወራት ተከፋፍሎ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በዱቤ የሸጠ ድርጅት የሰበሰበው ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ሊያስገባ አልቻለም። ለዚህ ችግር ባለሙያው የሚያደርገው አስተዋጽኦ አለ፤ ሣጥኑን፥ ሽቦውን፥ የፀሐይ ሰሌዳውን ማቆሚያና የመገጣጠሙን ሥራ በሀገር ውስጥ በማድረግ፥ ባትሪውም ሳይጣል ሕዋሱ ብቻ እንዲተካ አድርጎ በመሥራት በዶላር የሚከፈለውን ድርሻ ማሳነስ ይቻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የድርጅቶች መሞት ነው። በአሜሪካ ሪቮልቭ የተባለ 300 ዶላር ያህል የሚያወጣ የቤት መሣሪያ፥ ሠሪውን ኔስት የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ማእከላዊ አገልግሎቱ ሲዘጋ ከጥቅም ውጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ማእከላዊ ኮምፒዩተሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲቆሙ ደንበኞች መሣሪያዎቻቸውን ከሩቅ ማዘዝ አቃታቸው። ሀብታም ደንበኛ እንዲህ ሲደርስበት ሌላ ይገዛል። የቦርደዴ ገበሬ ግን የመጨረሻውን ክፍያ ሊከፍል ሁለት ወር ሲቀረው ድርጅቱ ቢዘጋ፥ ኮድ የሚሰጠው የለምና የገዛው ዕቃ ለዘላለም ተቆልፎ ይቀራል።

ይህን በተመለከተ የአበዳሪዎችን ክርክር በቅንነት መስማት ይገባል። መቆለፊያ ባይኖር ኖሮ መያዣ ለሌለው ሰው ዱቤ የሚሰጥ አይኖርም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መቆለፊያው መብራቱን ለድኻው ያቀረበ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው መቆለፊያው ይቅር የሚል ሳይሆን መቆለፊያው ሥርዓት ይኑረው የሚል ነው። ሥርዓቱም አራት ነጥብ አለው። አንደኛ፥ ኔትዎርክ ወይም የክፍያ አገልግሎት በተቋረጠ ጊዜ ለደንበኛው የጥቂት ቀን ይሁንታ ይሰጠው። ሁለተኛ፥ ክፍያ ቢዘገይም አንዲት አምፖል ሳትቆለፍ ትቅር፤ የታመመና የሚያጠባ ሰው ያለበት ቤት ፈጽሞ አይጨልም። ሦስተኛ፥ ዋጋው ተከፍሎ ሲያልቅ ሣጥኑ ለሁልጊዜ ይከፈት፥ ዳግመኛም የሚቆልፈው ትእዛዝ አይኑር። አራተኛ፥ የመክፈቻዎቹ ምሥጢር በታመነ ሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጥና ድርጅቱ ቢዘጋ ለደንበኞች ይሰጥ።

አራተኛው ጉዳይ ተጠቃሚው ራሱ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራሉ፤ የእንግሊዝኛ መመሪያ ብቻ የያዘ ሣጥን ግን ባለቤቱን ለሌላ ሰው ጥገኛ ያደርገዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። መብራቱ በ1 ሰዓት እንዲበራ ያዘዘ ሰው አሳቡ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፥ መሣሪያው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ሊረዳ ይችላል። ወርኀዊ ክፍያ ሲባልም የ13ኛዋን ወር የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንዴት እንደሚቈጥር በውሉ ላይ ካልተገለጸ ጠብ ያመጣል። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ደንበኛው ዕቃውን የራሱ አድርጎ እንዲያየው ወይም እንደ ባዕድ እንዲጠረጥረው ያደርጉታል።

ጥገናውም ከዚሁ አይለይም። በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከ1,000 በሚበልጡ ቤቶች የፀሐይ መብራት ሲተክል፥ የጥገና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው አቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዕቃን በገጠር መትከል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ዕቃው እየሠራ እንዲኖር ማድረግ ግን በቅርብ የሚገኝ የሠለጠነ እጅ፥ መለዋወጫና የእጅ ዋጋ ይጠይቃል።

የማኅበሩ ተግባር

ከዚህ በላይ ከተባለው ለማኅበሩ የሚተርፈው ሥራ ምንድን ነው? የዓለም ባንክና የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በጀመሩት የላይቲንግ አፍሪካ ፕሮግራም አማካይነት ለአነስተኛ የፀሐይ መብራቶች የጥራት መለኪያ ከተዘጋጀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መለኪያው የብርሃኑን መጠን፥ የባትሪውን አቅም፥ የዕቃውን ጥንካሬና የማስታወቂያውን እውነተኝነት ይመረምራል። ማኅበሩ በዚህ ላይ የቆላ ሙከራ ሊጨምርበት ይችላል። ሙከራው ውድ አይደለም። መሣሪያው በቦርደዴ ባለ አንድ ቆርቆሮ ቤት ለአንድ በጋ ይቀመጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መብራቱ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ይቋረጥበት፥ ቮልቴጁ ይውረድበት፥ ኔትዎርኩ ለሦስት ሳምንታት ይዘጋበት፥ የማያውቀው ሰው እንዲሰብረው ይፈቀድለት። በመጨረሻም ሠሪው ድርጅት እንደ ተዘጋ ተቆጥሮ መሣሪያው መሥራት አለመሥራቱ ይታይ። ይህን ያለፈ ዕቃ የትም ይሸጥ።

ጭሮ ላይ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና በዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለእንዲህ ያለው ሙከራ የቅርብ ረዳቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎቹ መዝገቡን ይይዛሉ፤ በጭሮ፥ በሂርና፥ በገለምሶና በሚኤሶ ያሉ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞችም ሠልጥነው መለዋወጫ ቢሰጣቸው፥ ድርጅቶች ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን ከመላክ ይድናሉ። የውል ናሙናም ቢሆን፥ ከላይ የተዘረዘሩት አራቱ ነጥቦች ተካተውበት በማኅበሩ ስም ቢዘጋጅ፥ ለአስመጪውም ለአበዳሪውም የጋራ መነሻ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑን ሕዝቡ ለብዙ ዘመን «መብራት ኃይል» ሲለው ኖሯል፤ ኤሌክትሪክን በጠቅላላም «መብራት» ይለዋል። መሣሪያው ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፥ ስንት ነገር ቢቈጥር፥ ስንት ነገር ቢያስታውስ፥ ባለቤቱ ከርሱ የሚጠብቀው በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ነው፤ ሲመሽ እንዲበራ። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ገዢ አያጣም፤ ይህን የማያደርግ ግን ስሙ ብልህ ቢባልም ኩራዙን ከቤት ሊያስወጣ አይችልም።